ስም ሳይወጣለት የሞተ ሕፃን ሊቈጠር ይገባዋልን?

በአገራችን አንዲት ሴት ፅንሷ እየሞተ ቢያስቸግራት «ሾተላይ አለባት» ይባላል። አነጋገሩ ኀዘኗን የሚካፈል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ነገሩን ሁሉ በማሕፀኗ ላይ የሚጥል ፍርድ ነው። ሐኪሞች ሾተላይ የሚባለው ብዙ ጊዜ የእናትና የፅንስ ደም አለመስማማት መሆኑን ያስረዳሉ። ይሁን እንጂ የሞቱ ምክንያት በደሟ ውስጥ ሳይሆን በምትኖርበት ከተማ ቢሆንስ? ይህን ማን ይነግራታል?

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን የሆነውን ልጥቀስ (ዘመኑን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ)። በ2000 መጨረሻ ለከተማው ውሃ ማጽጃ የነበረው ክሎሪን በክሎራሚን ተለወጠ። ከእርሳስ በተሠሩት አሮጌ ቧንቧዎች ውስጥ ረግቶ የነበረው ዝቃጭ በዚህ ለውጥ ሟሙቶ እርሳሱ ከውሃው ጋር ወደየቤቱ ገባ። ሕዝቡ በሰፊው የሰማው በ2004 በጥር ወር፣ ያውም ከጋዜጣ ነው። ማርክ ኤድዋርድስ የተባለ የዩኒቨርሲቲ መምህር በ2014 ባሳተመው ጥናት የከተማይቱን የፅንስ ሞት መዝገብ ከጎረቤቷ ከባልቲሞር ጋር አስተያየ። ሞቱ የበረታው እርሳሱ በውሃው ውስጥ እጅግ በበዛበት በ2001 ነበር፤ ነፍሰ ጡሮች እንዲጠነቀቁ ከተደረገ በኋላ በ2004 ዝቅ አለ። እርግጥ ነው፣ ከሞቱት አንዱን ለይቶ «ይህን እርሳስ ገደለው» ብሎ መማል አይቻልም።

በነዚያ ዓመታት ፅንስ የሞተባት እናት ምን ብላ ይሆን? ከባድ ነገር አንሥቼ ነው፣ ተቈጥቼ ነው፣ ኀጢአቴ ነው ሳትል አትቀርም። ከመንገዱ ማዶ ያለችውም እንደዚሁ። ሁለቱ ኀዘን ጎን ለጎን የሚታየው በመዝገብ ላይ ብቻ ነው።

«ክርስትና ያልተነሣውን ለፈጣሪው ተውት፤ ዳዊትስ ሕዝቡን ቈጥሮ ተቀጥቶ የለምን?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ዳዊት ያስቈጠረው ግን ሰይፍ የሚመዝዙትን ነበር፤ እኔ የምለው ምንም ሊመዙ የማይችሉትን ነው። ሌሎች ደግሞ የሟች ፅንስ ብዛት በየሰፈሩ ተለይቶ ቢጻፍ ሰፈሩን ያሳፍራል ይላሉ። ይህኛው ክርክር ይከብደኛል፤ ድኻ ሰፈር ስሙ ሲነሣ ለመናቅ እንጂ ለመታከም የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነውና። ቢሆንም ሰፈሩ በዝምታ ሲጠጣ ከሚኖር ማፈሩ ይሻለዋል።

በእንግሊዝ አገር እንኳ ሞቶ የተወለደ ሕፃን በሕግ መመዝገብ የጀመረው በ1927 ነው። በእኛም ዘንድ መዝጋቢው «ስም» የሚለውን ስፍራ ባዶ ቢተወው ግድ የለም። ወሩንና ሰፈሩን፣ እናቲቱም ውሃ የምትቀዳበትን ቧንቧ ይጻፍ።