አራት ሰው የተሸከመው ሕመምተኛ

(የማርቆስ ወንጌል 2፥1-12)



ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ ምዕራፍ 2 ስለ አንድ ሽባ ሰው ይተርክልናል። ይህ ሰው በቅፍርናሆም ጌታችን ወደ ነበረበት ቤት በእግሩ ሊሄድ ስላልቻለ አራት ሰዎች ተሸክመው አመጡት። ሕዝቡ ደጁን ሞልቶት ስለ ነበር ወደ ጣራው ወጡ፤ ጣራውንም ነድለው አልጋውን በጌታ ፊት አወረዱት። ወንጌላዊው ጌታችን የእነዚህን ሰዎች እምነት ተመልክቶ ለሽባው ምሕረትንና ፈውስን እንደ ሰጠው ይነግረናል። የአራቱ ስም አልተጻፈም፤ የትከሻቸው ሥራ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

የይፋትን ቆላና የጣርማ በርን ደጋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። መኪና በማይገባበት መንደር ሰው ሲታመም ጎረቤት ቃሬዛ አበጅቶ፣ ሸክሙን እየተቀባበለ እስከ አስፋልቱ ያደርሰዋል። ቃሬዛውን የያዘው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን የሚጠይቅ የለም። ይህ ያማረ ልማዳችን ግን በአንድ ሕመም ፊት ያጥራል፤ እርሱም ካንሰር ነው። ቃሬዛው አስፋልቱ ዳር ሲወርድ እኛ ወደየቤታችን እንመለሳለን፤ የካንሰር ሕመምተኛ መንገድ ግን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከሸዋ ሮቢት እስከ አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቆላው ሙቀት የተነሣ ሕመምተኛ በደብረ ሲና አድርጎ ዳገቱን ይወጣል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ በሚለው በጣርማ በር፣ በጉምና በብርድ መካከል፣ ዋሻውን ያልፋል፤ ከዚያም በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ከተማው ይወርዳል። ለጤነኛ ይህ የአንድ ቀን መንገድ ነው። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ የሆነው የማኅፀን በር ካንሰር ለያዛት እናት ግን፣ ደም እየፈሰሳት፣ ከአጠገቧ የተቀመጠው መንገደኛ ፊቱን እንዳያዞርባት እየተሳቀቀች የምትጓዘው ረጅም የመከራ መንገድ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን መንገዱ አንድ ጊዜ ተሄዶ የማያበቃ መሆኑ ነው። የጨረር ሕክምና ብዙውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን እየተሰጠ ለበርካታ ሳምንታት ይቀጥላል። ኬሞቴራፒ የሚባለው መድኃኒትም በየ2 ወይም በየ3 ሳምንቱ እየተደጋገመ ወራትን ይፈጃል። መካከል ላይ የተቋረጠ ሕክምና ኃይሉ ይደክማል፤ ሕመሙም ጊዜ ያገኛል። በአገራችን የጨረር ሕክምና በ1990 ዓ.ም. አካባቢ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል ሌላ ቦታ አልነበረም። በቅርብ ዓመታት በጅማ ጭምር መጀመሩ ትልቅ ደስታ ነው፤ ከይፋት ለሚነሣ ሰው ግን ጅማ ከአዲስ አበባ ወዲያ ነው።

ስለዚህ ድኻው የሚቸገረው በመድኃኒቱ ዋጋ ብቻ አይደለም። የጤና መድን ደብተር ያለው እንኳ የራሱንና የአስታማሚውን መሳፈሪያ፣ የማደሪያውንና የምግቡን ወጪ ከኪሱ ይከፍላል። ለመጀመሪያው ጉዞ የማሾው ወይም የሽንኩርቱ ገንዘብ ይበቃ ይሆናል። ለሁለተኛው በሬው ይሸጣል። ለሦስተኛው የሚሸጥ ሲታጣ ሕመምተኛው ቤቱ ይቀራል፤ ሰውም ሕክምናው አልሆነለትም ይላል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜም፣ መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ያለው ሕመምተኛ ምን እንደሚሆን ሁላችን ተረድተናል።

ወዳጆች ሆይ፤ በዚህ ነገር የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ (ሉቃ. 10፥25-37) ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። ስለዚህ ሰው ስንሰብክ ቁስሉን ማሰሩንና በአህያው መጫኑን እንናገራለን። በማግሥቱ ያደረገውን ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን። ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤት ገንዘብ ሰጠ፤ ተጨማሪ ወጪ ቢኖር በተመለሰ ጊዜ ሊከፍል ቃል ገባ። ፍቅሩ የሚቀጥለውንም ቀን አሰበ ማለት ነው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. ስለ ሥቃይ ክርስቲያናዊ ትርጉም በጻፉት መልእክት ይህን ሳምራዊ በሥቃይ ላይ ባለ ሰው አጠገብ ለሚቆም ሁሉ አብነት አድርገው አቅርበውታል። እኛም አንድ ጊዜ አዋጥተን ግዴታችንን ፈጸምን ብንል፣ ቁስለኛውን ከእንግዳ ማደሪያው ደጅ ጥለን እንደ መሄድ ይሆናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በየቁምስናው ለአንድ ሕመምተኛ አራት ተሸካሚ ይመደብ። የመጀመሪያው የመሳፈሪያውን ገንዘብ ለአንድ ጉዞ ብቻ ሳይሆን በሐኪሙ ቀጠሮ ልክ ይሰብስብ። ሁለተኛው አብሮ ይጓዝ፤ የሪፈር ወረቀቱን ይያዝ፤ በመኪናው ውስጥ ከጎኗ ይቀመጥ፤ ለጣርማ በር ብርድ ጋቢ አይርሳ። ሦስተኛው በአዲስ አበባ ማረፊያ ይፈልግ፤ ዘመድ የሌለው እንደ ሆነ በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመውን የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን የመሰሉ፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ችግረኞችን የሚረዱ ድርጅቶች አሉና ከጉዞው በፊት ይጠይቅ። አራተኛው በቤት የቀሩትን ልጆች፣ ከብቱንና ማሳውን ይጠብቅ፤ ብዙ እናቶች ሕክምናቸውን የሚያቋርጡት ልባቸው በቤታቸው ስለሚቀር ነውና።

የእድራችንንም ነገር እናስብ። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፤ ገንዘብ እናወጣለን፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ለቀብሩ የተዘጋጀው ገንዘብ በሣጥን ተቀምጦ ሳለ፣ ባለቤቱ የመሳፈሪያ አጥቶ ቢሞት፣ በእግዚአብሔር ፊት ምን እንመልሳለን? ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር በእድርተኛው ስብሰባ ይህን ጉዳይ ማንሣት ከእኛ ይጠበቃል፤ ቃሬዛውን አብረን እንደ ያዝን መሳፈሪያውንም አብረን እንያዝ። ስጦታውም በጸጥታ ይሁን፤ የሕመምተኛው ክብር በአደባባይ አይነገር።

እርግጥ ነው፤ የሸኘነው ሁሉ ድኖ አይመለስም። ቀሬናዊው ስምዖን የጌታችንን መስቀል ተሸከመ እንጂ ከሞት አላዳነውም። ሆኖም ጌታችን በዚያ ዳገት ላይ ብቻውን አልነበረም። ወደ ጥቁር አንበሳ የሚደረገው ጉዞ በፈውስ ቢያበቃ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን፤ ባያበቃም ወንድማችን ብቻውን አልተጓዘም።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በየካቲት ወር፣ በሉርድ እመቤታችን በዓል፣ የዓለም የሕሙማን ቀንን ታከብራለች። እስከሚመጣው በዓል ድረስ እያንዳንዱ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በመንደሩ ቀጠሮ እያለው በመሳፈሪያ እጦት የቀረ ሕመምተኛ መኖሩን ቤት ለቤት ይጠይቅ፤ ለእርሱም ሦስት ባልንጀሮች ፈልጎ ራሱ አራተኛው ይሁን።

ሽባውን ከነአልጋው የተቀበለ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ለሕሙማኖቻችን ብርታትን፣ ለሐኪሞቻቸው ጥበብን፣ ለእኛም የማይደክም ትከሻን ይስጠን። የሕሙማን ፈውስ እመቤታችን ቅድስት ማርያም በአማላጅነትዋ አትለየን። አሜን።