የሠራተኛው ዋጋና የመዝገብ ያዡ ኅሊና

ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ በገበያዋ በታወቀችው በሄርማታና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ፣ የቡና ወራት ሲደርስ ብዙ ሕዝብ በለቀማና በመጋዘን ሥራ ይሰማራል። ስለ አሠሪውና ስለ ሠራተኛው ግዴታ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። በሁለቱ መካከል ሆኖ ስም የሚመዘግበውን፣ ቀን የሚቆጥረውንና ደመወዝ የሚያሰላውን ሰው ግን እምብዛም አናስታውሰውም። ገንዘቡ የእርሱ አይደለም፤ ትእዛዙም ከእርሱ አይወጣም። ታዲያ በኅሊናው የሚጠየቅበት ነገር ይኖራልን?

አዎን፣ ይኖራል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የወይኑ ባለቤት በመሸ ጊዜ ለሠራተኞቹ ዋጋቸውን እንዲከፍል ያዘዘው መጋቢውን ነበር። የጌታው ቸርነት ወደ ሠራተኞቹ የደረሰው በመጋቢው እጅ ነው። መጋቢው ከዲናሩ ጥቂት ቢያስቀር ኖሮ ቸርነቱ በመንገድ በቀረ ነበር። ኦሪት ዘዳግም (24፥15) የድኻው ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሰጠው ያዛል፤ ጦቢትም ልጁን የሠራተኛ ደመወዝ እንዳያሳድር ይመክረዋል። ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ገንዘቡ በአሠሪው ሣጥን ቢገኝም የሠራተኛው ሀብት ነውና። ቤተ ክርስቲያን ይህን በደል ወደ ሰማይ ከሚጮኹት ኃጢአቶች ጋር ትቆጥረዋለች፤ ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛም እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተሰኘው መልእክታቸው ይህንኑ አጽንተዋል።

በደሉ ከጥቂት ነገር ይጀምራል። ከአንድ ለቃሚ በቀን አንድ ኪሎ እሸት ቡና ሳይመዘገብ ቢቀር፣ በ60 ቀን 60 ኪሎ ይሆናል፤ ለቃሚዎቹ 40 ቢሆኑ 2,400 ኪሎ ነው። ከደመወዝ ተቀንሶ ወደ ጡረታ ፈንድ ያልገባ 7 በመቶም የሠራተኛውን እርጅና መዝረፍ ነው።

«ታዝዤ ነው» የሚል መልስ እንዳለ እናውቃለን። እንጀራውን የሚፈራ የልጆች አባት ከአዛዡ እኩል ይጠየቃል አንልም። ይሁን እንጂ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ፊርማውን የሚያኖር ሰው ያ ሥራ የራሱ ሥራ ሆኗል። ከመፈረሙ በፊት ሕጉን በትሕትና ሊያሳይ ይችላል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ እንዳይቀነስ ይከለክላል። በሌላ በኩል፣ ለዘመዱ ያልሠራውን ቀን የሚጨምር ወይም የሌለ ሰው ስም የሚያስገባም ርኅራኄ አደረግሁ አይበል፤ ከሰው ገንዘብ ምጽዋት አይሰጥምና።

እንግዲህ ካቴኪስቶቻችን ሰባተኛውን ትእዛዝ ሲያስተምሩ በሌሊት ግድግዳ ስለሚቆፍረው ሌባ ብቻ እንዳይናገሩ እናሳስባለን። በቀን ብርሃን በብዕር ስለሚፈጸመውም ያስተምሩ። ደመወዝ ማስላትን ሙያው ያደረገ ምእመን ደግሞ በመዝገቡ ላይ ያለው እያንዳንዱ ስም የአንድ ቤተሰብ እራት መሆኑን ያስብ። ቁጥሩን በእውነት፣ ክፍያውን በቀኑ ቢያደርስ፣ ማንም ባያመሰግነው እንኳ የታማኙን መጋቢ ሥራ ፈጽሟል።