የብንያም ድርሻ

ልጅ የጎረቤቱን ልጅ አዲስ ብስክሌት አይቶ ሲያኮርፍ ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው። «ካንተ በታች ያለውን አታይም? ምሳ የማይበላ ስንት ልጅ አለ! ተመስገን በል።» ምክሩ የጨዋ ሰው ነው፤ መንፈሳዊም ይመስላል። ልጁ ብዙ ጊዜ ዝም ስለሚል ተምሯል ብለን ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

እኔ ግን ይህ ምክር ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ አያድንም ባይ ነኝ። ልጁ ወደ ላይ አይቶ ተከፋ፤ እኛ ደግሞ ወደ ታች አይቶ እንዲጽናና አደረግነው። ዓይኑ አቅጣጫ ለወጠ እንጂ መለካቱን አልተወም። አሁንም የራሱን ድርሻ የሚያውቀው በሌላው ድርሻ ነው። ይባስ ብሎ ደስታው በሌላ ልጅ ረኀብ ላይ ቆመ። ያ ምሳ የማይበላው ልጅ ነገ ምሳ ቢያገኝ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ብስክሌት ቢገዛለት፣ የእኛ ልጅ በምን ሊጽናና ነው? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ወደ መቅደስ የወጣውን ፈሪሳዊ እናስታውስ። ያ ሰው አመስጋኝ ነበር። እንደ ሌሎች ሰዎች፣ በተለይም እዚያ ራቅ ብሎ እንደ ቆመው ቀራጭ ባለመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰገነ። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን እሱ አልነበረም። ከሌላው ጉድለት የተቀዳ ምስጋና ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም፤ እኛም ሳናስበው ለልጆቻችን የምናስጠናው ይህንኑ ጸሎት ነው።

አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ሌላ ሕፃን አብሮት ከአንድ ጡት ሲጠባ ፊቱ ገርጥቶ በምሬት ሲመለከተው ማየቱን ይተርካል። ወተቱ ለሁለቱም የሚተርፍ ነበር። ይህ ምስክርነት ሁለት የምንወዳቸውን ሐሳቦች ያናጋብናል። ምቀኝነትን ልጆች ከክፉ ጓደኛ የሚማሩት ነገር ነው እንላለን፤ ሕፃኑ ግን ጓደኛ እንኳ አልነበረውም። ከማጣት የሚመጣ ነው እንላለን፤ ጡቱ ግን ሞልቶ ነበር። ስለዚህ ልጁ የጎደለውን ሁሉ ብንሞላለት ይረካል ብለን የምንለፋ ወላጆች፣ በተለይም ከውጭ አገር በሻንጣ ጫማና ታብሌት እየላክን የልጅን ልብ ለማሳረፍ የምንሞክር ዘመዶች፣ ድካማችን የት እንደሚደርስ ቆም ብለን ብናስብ አይከፋም።

ሕፃኑ ይዞት የመጣውን ደግሞ ቤታችን ያሳድግለታል። ስለ ምቀኝነት የማናወራ ሰዎች አይደለንም፤ ግን የምናወራው ስለ ሰው ምቀኝነት ነው። ሕፃን ሲያምር ዓይን እንዳይበላው እንሸፍነዋለን። መልካም ወሬ ሲመጣ «ለማንም እንዳትናገር» እንላለን። ነገር ሲበላሽ ምቀኛ እንፈልጋለን። በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የሚለጠፉትን ጥቅሶች ያነበበ እንግዳ አገሩ ሁሉ በምቀኛ የተከበበ ሊመስለው ይችላል። «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚለው አባባላችን ደግሞ ፍርሃቱን ወደ ምኞት ያደርሰዋል። ምቀኛ ያለው ሰው የሚያስቀና ነገር አለውና! በዚህ መካከል ያደገ ልጅ ምቀኛ ሁልጊዜ ሌላ ሰው እንደሆነ፣ ሰው የሚቀናበት መሆን ደግሞ የመሳካት ምልክት እንደሆነ ይማራል። ወደ ገዛ ልቡ እንዲመለከት የጠየቀው ሰው የለም።

ትምህርት ቤት የራሱን ይጨምርበታል። ካርድ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣሽ?» ነው። ሦስተኛ የወጣችው ልጅ በሒሳብ 95 ማግኘቷን ተናግራ ሳትጨርስ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት እነማን እንደሆኑ ትጠየቃለች። አርስቶትል ሌላው ያገኘው መልካም ነገር ለእኔም ይድረሰኝ ብሎ የሚያስጥረውን ስሜት፣ ሌላው ለምን አገኘ ብሎ ከሚያስቆጨው ስሜት ለይቶ አስቀምጧል፤ ፊተኛውን የደጋግ ሰዎች፣ ኋለኛውን የክፉዎች አድርጎ ነው የቆጠረው። ልዩነቱ እውነት ነው። ችግሩ ደረጃ የሚባለው ነገር ሁለቱን ማደባለቁ ነው። ሒሳብ ማወቅን አርባ ልጆች ሊካፈሉት ይችላሉ፣ የማንም ዕውቀት ከማንም አይቀነስም። አንደኝነት ግን አንድ ብቻ ስለሆነ አንዷ እንድታገኘው ሌላዋ ማጣት አለባት። ልጅቷ ደረጃ እንድታሳድድ እያደረግን «ቅናት ግን ኃጢአት ነው» ማለት እሳት ለኩሶ አትሙቂ እንደ ማለት ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ጉዳይ ጊዜ ወስዶ የሚያሳየን በአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ያዕቆብ ዮሴፍን ከወንድሞቹ ሁሉ አብልጦ ይወደዋል፤ ጌጠኛ ቀሚስም ያደርግለታል። ወንድሞቹ በሰላም ሊያነጋግሩት እስኪሳናቸው ድረስ ይጠሉታል፤ በመጨረሻ በሃያ ብር ይሸጡታል። ታሪኩ ለልጆች ሲነገር ወንድሞቹ ክፉ፣ ዮሴፍ ደግ ሆነው ይቀርቡና አባትየው ሳይነካ ያልፋል። ቀሚሱን ያሰፋው ማን ነበር? ያዕቆብ ራሱ እናት አንዱን፣ አባት ሌላውን በሚወዱበት ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ቁስሉን ያውቀዋል፤ ያም ሆኖ ደገመው። ወላጅ ለሆነ አንባቢ ይህ የታሪኩ ክፍል ዮሴፍ ከተጣለበት ጉድጓድ ይልቅ ሊያስደነግጠው ይገባል።

ታዲያ መድኃኒቱ እኩል ማካፈል ነው? ብልህ ወላጅ ብርቱካኑን እኩል ይከፍላል፤ መልካም ያደርጋል። ዳሩ ግን የዮሴፍ ታሪክ በእኩል ማካፈል አያልቅም። ዓመታት አልፈው ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ግብፅ ሲወርዱ፣ ያላወቁት ገዥ ማዕድ ያቀርብላቸዋል። በዘፍጥረት ምዕራፍ 43 መጨረሻ ላይ የብንያም ድርሻ ከሌሎቹ አምስት እጥፍ ሆኖ ይመጣል። በመበላለጥ ምክንያት ባሪያ ሆኖ የተሸጠው ሰው ማበላለጥን በገዛ እጁ ደገመው! አላዋቂነት አይመስለኝም። እነዚህ ሰዎች የታናሽ ወንድማቸውን የሞላ ሳሕን እያዩ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳዩ ሊያይ ፈልጓል። ቀጥሎ የዮሴፍ ጽዋ በብንያም ስልቻ ውስጥ ይገኛል፤ ብንያም ባሪያ ሆኖ ይቅር፣ ሌሎቻችሁ በሰላም ሂዱ ይባላሉ። የድሮው ዕድል ተመልሶ መጣ፤ አባት የሚያበልጠው ልጅ በግብፅ ባሪያ ሆኖ ይቀራል፣ ሌሎቹ እህላቸውን ጭነው ይመለሳሉ። በዚህ ጊዜ እነሱ የሚሠሩት ወንጀል እንኳ የለም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃቸዋል።

ወደ ፊት የቀረበው ይሁዳ ነው፤ ዮሴፍ ይሸጥ ብሎ ሐሳቡን ያመጣው ራሱ ይሁዳ። ንግግሩ በምዕራፍ 44 ላይ ተጽፎ ይገኛል። እዚያ ውስጥ የአባቱን ቃል ይደግማል፤ ሚስቴ የወለደችልኝ ሁለት ልጆች ናቸው፣ አንዱ ጠፍቶብኛል ማለቱን። ይሁዳ የሌላይቱ ሚስት የልያ ልጅ ነው። በዚያ ቆጠራ ውስጥ እሱና እናቱ የሉበትም። ድሮ ደም ያፈላ የነበረውን ይህን ንግግር አሁን ያለ ምሬት ያወራዋል፤ ከዚያም የአባቴን ሐዘን ማየት አልችልምና በልጁ ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን ይላል። ያዕቆብ አልተለወጠም፤ አሁንም ያበላልጣል። ድርሻውም አልተስተካከለም፤ ዮሴፍ ራሱን ከገለጠ በኋላ እንኳ ለብንያም ሦስት መቶ ብርና አምስት መለወጫ ልብስ ይሰጠዋል። የተለወጠው ይሁዳ ነው።

ምን ለወጠው? መጽሐፉ በቀጥታ አይነግረንም። ግን በምዕራፍ 38 ይሁዳ ራሱ ሁለት ልጆች ሞተውበታል። ልጅ የቀበረ ሰው አባቱን ሲያይ የፍቅር ድርሻ የሚያከፋፍል ዳኛ ሳይሆን አንድ ልጁ ጠፍቶበት በሌላው ላይ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ይታየዋል ብዬ አስባለሁ። ምቀኝነት ሳሕኑን አጥርቶ ያያል፤ ከሳሕኑ በስተ ጀርባ የተቀመጠውን ሰው ግን አያይም። ክርስትና መርካት ሲል እኔ የሚገባኝ ይህ ነው፤ ይሁዳ ድርሻው በቃኝ ብሎ አልተናገረም፣ ድርሻን ከናካቴው ረስቶ አባቱንና ወንድሙን አሰበ። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ ሲል ያዘዘው ከሚያለቅሱት ጋር ከማልቀስ አስቀድሞ ነው። ቅደም ተከተሉ በአጋጣሚ የመጣ ይሁን አይሁን እንጃ፤ ከባዱ ግን ፊተኛው ነው። ለወደቀ ማዘን የበላይነትን አይነካም።

ይህ በልጅ ላይ እንዴት ይሠራል? በስብከት አይመስለኝም። ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ያለኝ ይበቃኛል ማለትን ተማርሁ ነው ያለው፤ በመጥገብም በመራብም ለምዶታል። ሐዋርያው የተማረውን ነገር የስድስት ዓመት ልጅ ተወልዶበት እንዲገኝ መጠበቅ ግፍ ነው። መልመጃ ያስፈልጋል፤ መልመጃውም ከቤታችን አልጠፋም። ጉርሻ አንዱ ነው። ከወጡ መልካሙን፣ ከሥጋው ለስላሳውን ጠቅልሎ በእህቱ አፍ ውስጥ የሚያስቀምጥ ልጅ ጣፋጩ ነገር በሌላ ሰው አፍ ሆኖ ደስ ሊያሰኝ እንደሚችል በእጁ ያውቀዋል። ታላላቆች ልጆችን በማጉረስ እንጂ ልጆች እርስ በርስ እንዲጎራረሱ በማድረግ አንተጋም፤ ያሳዝናል። ጾምም ሌላው ነው። የሚያምር ምግብ አይቶ፣ ሽታውን አሽትቶ፣ ዛሬ የእኔ አይደለም ብሎ ማለፍ የቻለ ልጅ መፈለግና መብት የተለያዩ መሆናቸውን ሰውነቱ ያውቃል። ከዚያም ፋሲካ ይመጣል፣ ዶሮው ይበላል፤ ልጁ ነገሩን እንዲጠላው ማንም አልጠየቀውም።

አሁን ግን አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። «ያለህ ይብቃህ» የሚለው ቃል በኃይለኛ አፍ ውስጥ ሲገባ ጨካኝ ይሆናል። ደመወዙ የተቆረጠበት ሠራተኛ፣ በወንድሞቿ ምክንያት ከትምህርት የቀረች ልጅ፣ የእንጀራ እናት ፍርፋሪ የምትሰጠው ልጅ ለምን ብለው ሲጠይቁ ምቀኞች አይደሉም። የአዲስ ኪዳኑ ያዕቆብ በመልእክቱ የታረዘና የተራበ ሰውን በቃል ብቻ ሙቅ፣ ጥገብ ብሎ መሸኘት ምንም እንደማይጠቅም ጽፏል። ስለዚህ ልጅ «እሱ ለምን አገኘ?» ሲል ከመቆጣታችን በፊት መለየት አለብን፤ ልጁ ተወስዶበታል ወይስ ለሌላው ተሰጥቷል? ከተወሰደበት መመለስ እንጂ መምከር አያስፈልግም። ለሌላው ተሰጥቶ ከሆነ ግን ሥራው የሚጀምረው እዚያ ነው።

ይህን መለየት ለማስተማር በማቴዎስ ምዕራፍ 20 ካለው የወይን ቦታ ምሳሌ የተሻለ አላገኘሁም። ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን አባት የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ማታ ለልጁ እንዲተርክ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ልጁ መልሶ እንዲተርከው ያድርግ ይላል። ይህንንም ምሳሌ እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ሰዓቱን መተርጎም እንኳ አያስፈልገንም፤ በአሥራ አንድ ሰዓት የመጡት ሠራተኞች በእኛም ሰዓት አቆጣጠር ጀንበር ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት የመጡ ናቸው። ባለቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ለሠሩትም ሆነ ለእነዚህ፣ ለሁሉም አንድ አንድ ዲናር ይከፍላል። ልብ በሉ፣ ከኋለኞቹ ጀመረ። ከፊተኞቹ ጀምሮ ቢሆን ገንዘባቸውን ተቀብለው በሰላም ይሄዱ ነበር፤ ጠብም አይነሳም። እሱ ግን እንዲያዩ አደረገ፣ ዮሴፍ የብንያምን ሳሕን እንዳሳየው ሁሉ።

ልጆች ይህን ሲሰሙ ከጠዋቶቹ ሠራተኞች ጎን ይቆማሉ። «ልክ አይደለም!» ይላሉ። አለመቆጣት ነው። ስንት ተዋውለው ነበር? ስንት ተቀበሉ? ማን ነው የተቀነሰበት? ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ሒሳቡን ልጁ ራሱ ይሠራዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላኛው ሰው መጠየቅ ነው። ያ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ገበያ ላይ የቆመው የሚቀጥረው አጥቶ ነው፤ ማታ ባዶ እጁን ቢገባ ቤቱ ምን ይበላ ነበር? ስንት ልጆች ያሉት ይመስልሃል? ልጁ ልጆቹን መቁጠር፣ ስም ማውጣት ይጀምር ይሆናል። ወይም ደግሞ እጁን አጣጥፎ «ቢሆንም ለጠዋቶቹ ትንሽ መጨመር ነበረበት» ይላል። ይበል። ክርክሩ ለሚመጣው እሑድ ቢያድር ምንም አይደለም።