ማየት ነፃ ነው?

«ምንም አልነካንም፣ አይተን ብቻ ነው የመጣነው።» ከከተማ ወጥተን አንድ ቀን ገደልና አውሬ ስናይ ውለን ስንመለስ የምንላት ነገር ናት። እኛ ኮድ ጸሐፊዎች ለዚህ «ሪድ ኦንሊ» የሚል ቃል አለን፦ ፋይሉን ከፍተህ ታነበዋለህ፣ አንዲት ፊደል ግን አትቀይርም። ማየትም እንደዚያ ስለሚመስለን፣ ስለ አደንና ስለ ደን ጭፍጨፋ የምንከራከረውን ያህል ስለ ማየት አንከራከርም። ያየ ሰው ማንን ይጎዳል?

ደብረ ሊባኖስን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪን አልፈህ ያ ሁሉ ሜዳ ድንገት ያልቅና መሬቱ ከእግርህ ሥር ገደል ይሆናል። ታች የሚታየው ውሃ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል። «የፖርቹጋል ድልድይ» የሚባለው የድንጋይ ድልድይም እዚያው ነው። (ፖርቹጋሎች ከሄዱ ከብዙ ዘመን በኋላ ያገራችን ሰው የሠራው ነው ይባላል፤ ስሙ ግን ለነሱ ቀርቷል።)

ብዙ ሰው የሚሄደው ግን ለጭላዳ ነው። ጠዋት ካደሩበት ገደል ወጥተው ሜዳው ላይ ይቀመጡና ሳር ይነጫሉ። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ኑሮውን በሳር ላይ የመሠረተው ጭላዳ ብቻ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭም በዱር አታገኘውም። ጣቶቹን አስተውሏቸው። አንድ በአንድ እየለቀመ እፍኙ ሲሞላ ነው የሚጎርሰው። አጠገቡ ያለው ሳር ሲያልቅ አይነሳም፣ በመቀመጫው ሸርተት ይላል። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» ያለችው ዝንጀሮ ይህቺ ሳትሆን አትቀርም። ወንዱ አንበሳ የሚያስንቅ ጎፈር አለው፣ ደረቱ ላይ ደግሞ ጠጉር የሌለው ቀይ ቆዳ። አጠገብህ ቁጭ ብሎ ሲበላ ሰዓቱ ይሄድብሃል። እውነቴን ነው፣ ይሄን ሳያይ የሚሞት ሰው ያሳዝነኛል።

እኛ በሄድንበት ቀን ከሌላ መኪና የወረደ ሰው ለቲክቶክ ሊቀርጽ ሙዝ ወረወረላቸው። ትንሽ ራቅ ብሎ ዐሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ወንጭፍ ይዞ ማሳ ይጠብቃል። ከመካከላችን አንዷ «ማሙሽ፣ እንዴት ያምራሉ አይደል?» አለችው።

«ገብሳችንን ይበላሉ» አለ።

እዚህ ጋ ነው «ሪድ ኦንሊ» የሚፈርሰው። ሙዙ በጭላዳው ጭንቅላት ውስጥ አንድ መስመር ጽፏል፦ ሰው ማለት ምግብ ነው። ያ መስመር ነገ የሚሠራው እኛ ላይ ሳይሆን ዘንቢል ይዛ ከገበያ በምትመለስ ሴት ላይ ነው። ቆይ፣ ሙዝ ያልወረወርነውስ? የኛ ጽሑፍ ደብዘዝ ይላል እንጂ አለ። «ጭላዳው ይጠበቅ» የምንለው እኛ ነን፤ እህሉን ከጭላዳው ሲጠብቅ የሚውለው ልጁ ነው። ያው አንድ ግስ ነው፣ ሥራው ግን የደረሰው ለሱ ብቻ ነው።

«ተመልካች ባይኖር ማን ይንከባከባቸው ነበር?» የሚል ክርክር አለ፣ ቀላልም አይደለም። የሚያይ ሰው ገንዘብ ይዞ ይመጣል፤ መንገድ የሚያሳየውም ዘንግ የሚሸጠውም ይተዳደርበታል። ነገር ግን ጥበቃ የሚመጣው ከተመልካች ፍቅር ነው ካልን የመንዝ ጓሳን ምን ልናደርገው ነው? እዚያ ያለው ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ቦታውን ለዓመታት እየዘጋ፣ በጊዜው እየከፈተ ሲጠብቀው ኖሯል። የጠበቀው ስለሚያምር አልነበረም። የጓሳ ሳር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሠራበታል፣ ከብትም ይበላዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የባለመብትነቱን መሠረት ሲያነሳው ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ኋላ ላይ ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመው። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያ የቆዩት ሰው ለራሱ ጣራ ብሎ በጠበቀው ሳር ውስጥ ነው።

ስለ ቀይ ቀበሮው ካነሳን አይቀር፣ ጓሳ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ ይበልጥ ይሳካለታል። ታዲያ እንዴት አስጠጉት? ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ግልገሎቻቸውን አይነካም። አፉ ሥር ያለ ሥጋ ትቶ ነው የሚጠጋቸው። ለመቅረብ የሚከፍለው ይሄን ነው።

እኛ የምንከፍለው ብር ነው። ከዚያ ውስጥ ለተበላ ገብስ የሚደርስ አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ስንመለስ ይሄንኑ አንስተን እስከ ሱሉልታ ተጨቃጨቅን። አንዱ ጓደኛዬ «ታዲያ አንሂድ ነው የምትለው?» አለኝ። ኧረ እሄዳለሁ! «የገብስ» ተብሎ ቢጨመርብኝም እከፍላለሁ። ስንት ይሁን የሚለውን ግን መወሰን ያለበት ባለማሳው ነው፤ ብዙ ነው ካልኩም እኔ ልቅር እንጂ እሱ አይቀንስልኝ።