ማሽኑ ሲሞት ጨዋታው የማን ነው?



የምኖርበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር የሚተላለፈውን መልእክት የቀደሙት ሰዎች የጠሩበት ቃል ነው። ዛሬ በሰፈሩ ከሚመላለሰው ሰው ስንቱ ይህን ያስባል? ስሙ በታክሲ ረዳት አፍ በየቀኑ ይጠራል፤ ስሙን ያመጣው መሣሪያ ግን ከሰው ልብ ወጥቷል። ሰሞኑን በገጠመኝ አንድ ጉዳይ ምክንያት ይህ ነገር በሐሳቤ እየተመላለሰ ስላስቸገረኝ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ጉዳዩ የቪዲዮ ጌም ነው። «የጋዜጣ ገጽ ለዚህ ይባክናል እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

በልጅነቴ በሰፈራችን አንድ ጌም ቤት ነበር። ቆርቆሮ የለበሰች ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን ቱ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። አንድ ብር ከፍለን አንድ ግጥሚያ እንጫወታለን፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ብር የሌለው ቆሞ ያያል፣ ሲያሻውም ዳኛ ይሆናል። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን ያጠፋብናል፤ ሙስሊሙ ወደ መስጊድ፣ ክርስቲያኑም ወደ ቤቱ ይበተናል።

ባለፈው ወር የዚያ ቤት ባለቤት አስጠራኝ። ጌም ቤቱ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ዕቃው ግን በካርቶን ታስሮ ከአልጋቸው ሥር ተቀምጦ ኖሯል። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ይህን ምን ላድርገው?» አሉኝ። ካርቶኑን ስንፈታ ሁለቱ ማሽኖች፣ የተላላጡ ጆይስቲኮች፣ ቁጥሩ የማይታወቅ ሲዲና ጥቂት ሜሞሪ ካርዶች ወጡ። ከካርዶቹ አንዱ ላይ በእስክሪብቶ «የሰፈር» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉ የእኔ ነበር።

የካርዱ ታሪክ እንዲህ ነው። «ዊኒንግ» እያልን በምንጠራው የኳስ ጨዋታ የተጫዋቾችን ስም መለወጥ ይቻላል። እኛም በአንድ ክረምት የአንዱን ቡድን ተጫዋቾች ስም አጥፍተን በሰፈራችን ልጆች ስም ተካናቸው። ማን አጥቂ፣ ማን ተከላካይ እንደሚሆን ስንጣላ ሰነበትን። በግብ ጠባቂነት ያስገባነው ልጅ ካደገ በኋላ ሥራ ፍለጋ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ሲሻገር በዚያው ቀረ። እናቱ ዘንድ ከእርሱ የተረፈው አንድ የትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ባለቤቱ ካርዱን በእጃቸው እያገላበጡ፣ «የዚያ ልጅ ስም እዚህ ውስጥ አለ አይደል?» አሉኝ። አዎ፣ አለ።

አለ ማለት ግን ምን ማለት ነው? ማሽኑን ብንሰካው ሲዲ የሚያነበው ሌንስ አርጅቶ አልሠራ አለ። ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ጫፍ ያለውን የድሮውን ገመድ የሚቀበል ቀዳዳ አዲሱ ቴሌቪዥን ላይ የለም። ካርዱ የሚይዘው 8 ሜጋ ባይት ብቻ ነው፤ የያዘውንም ቢሆን ከዚያ ማሽንና ከዚያ ጨዋታ በቀር የሚረዳው የለም። ሶኒ ይህን ማሽን እ.ኤ.አ. በ2000 አውጥቶ እስከ 2013 ድረስ ካመረተ በኋላ አቁሟል። ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ዕቃ ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ ስም ለማንበብ ቸገረን።

መላው የታወቀ ነው። የአሮጌውን ማሽን ጠባይ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ አስመስሎ የሚሠራ ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም አለ። የጎዳና መጫወቻ ማሽኖችን በዚህ መንገድ የሚያስነሣው ማሜ የተባለው ፕሮግራም ከወጣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ነው፤ ለፕሌይስቴሽን ቱም ተሠርቶለታል። ነገር ግን ኢሙሌተሩ ባዶ ቤት ነው። ጨዋታው ራሱ ከሲዲው ተገልብጦ ሊገባበት ይገባል። እዚህ ላይ ነበር ባለቤቱ ያላሰብኩትን ጥያቄ የጠየቁኝ፦ «ይህን ብናባዛው ሐራም አይሆንብንም?»

ይህን የሚጠይቁት ቤታቸውን በኮፒ ሲዲ ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። የእኛ አገር ማሽኖች ብዙዎቹ ኮፒ እንዲያነቡ ቺፕ የተገጠመላቸው እንደነበሩ ያን ጊዜ የተጫወተ ሁሉ ያውቃል። እኔም በኮፒ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን የእኔም ነው።

እኔ ጋዜጠኛ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ፈትዋ መስጠትም አይዳዳኝም። የታወቀውን ግን ልናገር። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የደራሲነትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ እንደሆኑና ሊደፈሩ እንደማይገባ ወስኗል። የአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ ሥራ ቆጥሮ ይጠብቃል፤ በሕጋዊ መንገድ የገዛው ሰው ለመጠባበቂያ የሚሆነውን ቅጂ እንዲያስቀር ግን ይፈቅድለታል። እንግዲህ «ያገኘሁትን ሁሉ ላባዛ» የሚል ሰው በሃይማኖቱም በሕጉም መቆሚያ የለውም። ሠሪው ደክሞበታል፤ ሐቅ አለው።

ይሁንና ሌላም ጎን አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክን የሚጠብቅ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በዚያ አገር ለገበያ ከቀረቡት ጨዋታዎች መካከል 87 ከመቶው ዛሬ በየትኛውም መደብር እንደማይሸጡ ተገልጿል። ባለመብቱ አይሸጠውም፤ ሌላው እንዲያኖረውም አይፈቅድም። ከዚህም የባሰ አለ። ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን ዘ ክሩ የተሰኘ የመኪና ጨዋታ ሰርቨሩን በመጋቢት 2024 ሲዘጋ፣ ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙት ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን መጫወት አቃታቸው። ሲዲው በእጃቸው አለ፣ ጨዋታው የለም። ለመሆኑ ገዝተውት ነበር ወይስ ተከራይተውት?

እዚህ ላይ፣ «ቢጠፋስ? ጌም ጊዜ ማባከኛ አይደለም ወይ?» የሚለኝ ወዳጅ አለ። ልጅ ከትምህርቱና ከሶላቱ እስኪዘናጋ ድረስ ጌም ቤት መዋሉ ጎጂ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ቁማር የሚካሄድበትንም አልደግፍም። ነገር ግን ዛሬ በጨዋታ ላይ የደረሰው ነገር ከእርሱ በሚበልጠው ላይም ደርሷል። የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒዩተር መጻፍ ሲጀመር እያንዳንዱ የግዕዝ ፕሮግራም ለፊደላችን የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈውን ሌላው አያነበውም፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይደረደራል። ፊደላችን የጋራ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት በፍሎፒ የቀረ ጽሑፍ፣ የቀለጠ የመንዙማ ካሴት፣ የእኛም ሜሞሪ ካርድ በሽታቸው አንድ ነው። ተቀምጠዋል፤ አይሠሩም።

በሽታውን ለመረዳት ገበጣን እንመልከት። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ገበጣ ይህን ያህል ዘመን የኖረው ዕቃው ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። እረኛ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጠጠር ለቅሞ ይጫወተዋል፤ ሲመሽ ትቶት ይሄዳል። ጉድጓዱን ዝናብ ይደፍነዋል። ሕጉ ግን በሰው ዘንድ ነው፤ በነጋታው ሌላ ጉድጓድ ይቆፈራል። ዛሬ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን ድርጅት ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቶታል፤ ስልክም ለገበጣ አዲስ ጉድጓድ ነው። የቪዲዮ ጌም ችግሩ ሕጉ በሰው ልብ ውስጥ ሳይሆን በማሽን ውስጥ መቀመጡ ነው። ማሽኑ ሲሞት ጉድጓዱን የሚቆፍርለት ሰው ካልተገኘ አብሮ ይሞታል።

እኔ እንደሚገባኝ አደራ ሁለት ዓይነት ነው። ወርቅ አደራ የተሰጠው ሰው ቆልፎ ቢያስቀምጠው ይበቃዋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ወርቁ ወርቅ ነው። በግ አደራ የተሰጠው ሰው ግን አስሮ፣ ቆልፎበት ቢሄድ ጠበቀ አይባልም። ሣርና ውኃ ሊሰጠው ይገባል። አሮጌ ጨዋታ፣ አሮጌ ፋይል፣ አሮጌ ካሴት ሁሉ በግ ነው። በየጊዜው ወደ አዲሱ መሣሪያ ማሸጋገር ቀለቡ ነው። የጌም ቤቱ ባለቤት ካርቶኑን እንደ ወርቅ ለዓመታት ጠበቁት፤ በጉ ግን ሊሞት ምንም አልቀረውም።

ታዲያ ባለመብቱ ትቶት የሄደውን በግ ማን ይቀልበው? ፊቅህ ስለ ወዳቂ ዕቃ የሚያስተምረን መንገድ ለዚህ የሚጠቅም ይመስለኛል። ወድቆ ያገኘ ሰው ባለቤቱን ይፈልጋል፣ ለአንድ ዓመት ያስታውቃል፣ በዚያም ጊዜ እንደ አደራ ይጠብቀዋል፤ ባለቤቱ በመጣ ጊዜም ይመልሳል። ማንም ገበያ ላይ የማያቀርበውን፣ ማሽኑም የተቋረጠውን ጨዋታ ሳይሸጡና ሳይነግዱበት እንዳይጠፋ ማኖር ወደዚህ ይቀርባል። ባለቤቱ ተነሥቶ እንደገና ቢያቀርበው ከእርሱ መግዛት ነው። በሱቅ የሚሸጠውን አዲስ ጨዋታ አባዝቶ እየሸጡ «ቅርስ እያዳንኩ ነው» ማለት ግን ሌብነትን በጥሩ ልብስ ማስጌጥ ነው። ነገ ለአገራችን ልጆች የላብ ዋጋ የምንነፍጋቸውም በዚሁ ሰበብ ነው። ሊቃውንት ይህን ንጽጽሬን ቢያርሙኝ በደስታ እቀበላለሁ።

እኛ ያደረግነውን ልናገር። ከካርቶኑ ውስጥ ባለቤቱ ቤቱን ሲከፍቱ በዘመድ ያስመጡት አንድ ኦሪጅናል ሲዲ ተገኘ፤ ስሞቹን የለወጥነውም በእርሱ ነበር። መካኒሳ አካባቢ ኮምፒዩተር የሚጠግን አንድ ወጣት ብዙ ከደከመ በኋላ ሲዲውን ወደ ኮምፒዩተር ገለበጠልን። የማሽኑን መሠረታዊ ፕሮግራም ከራሳችን ማሽን፣ የካርዱንም ይዘት በማሽኑ የዩኤስቢ ቀዳዳ በኩል ወደ ፍላሽ አወጣው። አንድ ቅጂ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለእኔ ሆነ። የቀሩትን ኮፒ ሲዲዎች አላባዛንም፣ ለሻጭም አልሰጠንም። ያለፈው የሠሪዎቹ ሐቅ ግን አሁንም ትከሻዬ ላይ አለ፤ አላህ ይቅር እንዲለኝ እለምናለሁ፤ ዛሬ የምጠቀምበትን ፕሮግራም ከፍዬ ለመጠቀምም ቆርጫለሁ።

የልጁን እናት ከልጃቸው ጋር ጠራናቸው። ስሞቹ በላቲን ፊደል፣ ያውም ተሳስተው የተጻፉ ናቸው። ልጅቷ ከላይ ጀምራ እያነበበች ወንድሟ ጋ ስትደርስ ቆመች። እናትየው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አኑረው፣ «ይሄ ነው?» አሉ። «አዎ፣ እማማ» አልኳቸው። «ግብ ጠባቂ አደረጋችሁት? እሱ እኮ መሮጥ ነበር የሚወደው» አሉና ዝም አሉ። ይህን እኛ አናውቅም ነበር። ከእናቱ በቀር የሚያውቅም አልነበረም። ስክሪኑ ባይበራ ኖሮ እርሳቸውም አይነግሩንም ነበር።

ጨዋታው የማን ነው ለሚለው ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። የሠሪው ሐቅ አለበት፣ ያም ይከበር። የተጫወቱበት ሰዎች ዕድሜም አለበት። ሁለቱም በአንድ ዕቃ ላይ ሲገናኙ ሠሪው የሌሎቹን ዕድሜ ይዞ የመቅበር መብት ያለው አይመስለኝም። ሻጭ ሰርቨሩን ሲዘጋ ቢያንስ የገዛው ሰው በራሱ ማሽን የሚቀጥልበትን መንገድ ይተውለት። በተለምዶ ወመዘክር የምንለው ተቋማችንም መጽሐፍና ጋዜጣ እንደሚሰበስብ ሁሉ በአገር ልጆች የተሠሩትን ጨዋታዎችና ፕሮግራሞች፣ ከሚሠሩበት መሣሪያ ጋር፣ ቢሰበስብ መልካም ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከእናንተም አልጋ ሥር ካርቶን አይጠፋም። ፍሎፒ፣ ካሴት፣ የቆየ ስልክ፣ ሜሞሪ ካርድ ይኖርበታል። የሚያነበው ማሽን በከተማው ውስጥ እስካለ ድረስ አውጡት፣ ወደ አዲሱ አሸጋግሩት። በጉ ሳይሞት ሣር ስጡት።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።