ዱቤህ የማን መነሻ ገንዘብ ነው?



ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ሀብቱን መካ ጥሎ መዲና ሲገባ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷሩ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ሀብቱን ለሁለት ሊያካፍለው ፈለገ። እርሱ ግን ዱዓ አድርጎለት ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። በአይብና በቅቤ ነግዶ አትርፎ ተመለሰ። ቡኻሪ ዘግበውታል።

ይህን ታሪክ ሁሌ የምንነግረው ለድሃው ነው፤ «ተነስና ሥራ» ለማለት። እስቲ ዛሬ ለገዢው እንንገረው። ቅቤውን የወሰደው ሰው ባይከፍለው ኖሮ፣ ዐብዱራሕማን በማግስቱ ምን ይዞ ገበያ ይወጣ ነበር?

እዚሁ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ያለውን ሸማ ሠሪ ተመልከቱ። ድርና ማግ ይገዛል፤ ይሸምናል፤ ሸጦ እንደገና ድርና ማግ ይገዛል። ነጋዴው ሸማውን ተረክቦ «ሳምንት እሰጥሃለሁ» ካለው፣ ሙያው በእጁ እያለ መወርወሪያው ይቆማል። መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠዋ እህትም እንዲሁ ናት። የዛሬ ሽያጯ የነገ ስኳሯና ከሰሏ ነው። እቁቧንም የምትጥለው ከዚያው ነው። ያ ሲጎድልባት ወደ አራጣ አበዳሪ ትሄዳለች። እኛ ሪባን እያወገዝን፣ ወደዚያ በር የገፋናት እኛው ልንሆን እንችላለን።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከአንዲት እናት ሻይና አምባሻ በዱቤ እበላ ነበር። ከቤት ብር ሲላክልኝ መጀመሪያ ጫማ ገዛሁ። ልከፍላት ስሄድ ቦታዋ ባዶ ነበር። ጎረቤቷ «የዱቄት መግዣ አጥታ ተወችው» አለችኝ። አፈላልጌ አላገኘኋትም። ገንዘቡን በእርሷ ስም ሰደቃ ሰጥቻለሁ፤ ብትገኝ ግን ዛሬም ባለዕዳዋ ነኝ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መክፈል የሚችል ሰው ዕዳውን ማዘግየቱን በደል ብለውታል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ለተቸገረ ባለዕዳ ግን ቁርኣን ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል። ልዩነቱን ከአላህ ቀጥሎ የምታውቀው አንተ ነህ፦ አጥተህ ነው ወይስ ጫማ አስቀድመህ?

ስለዚህ ዛሬ ከሶላት ስትወጡ የሱቁን ደብተር አስታውሱ። ሃያ ብርም ቢሆን ክፈሉ። ከሌላችሁም ሄዳችሁ ቀኑን በእውነት ንገሯት። ለድሃ ነጋዴ ምክር ከመስጠት በፊት ሐቁን መስጠት ይቀድማል።

አላህ የሰው ሐቅ ሳይኖርብን የምንገናኘው ያድርገን። ጁሙዓ ሙባረክ!