አለቅነትና የሰው ክብር

በዳላስና በፎርት ዎርዝ ከምንኖረው መካከል ብዙዎች በአውሮፕላን ማረፊያው፣ በመኪና ማቆሚያው፣ በሆቴሉና በአረጋውያን መጦሪያው ታዝዘን ሥራ ጀምረናል፤ ከእነዚህም ጥቂት የማይባሉት ዛሬ አዛዦች ሆነዋል። አዲስ ለተሾመ አለቃ በቅድሚያ የሚነገረው ትምህርት «ሠራተኛህን አበረታታ» የሚል ነው። ነገር ግን የምናበረታታው ሰውየውን ስለምናከብረው ነውን? ወይስ አብልጦ እንዲሠራልን ብቻ? ሁለቱ በአፍ ሲነገሩ አንድ ይመስላሉ፤ የሚለዩት በችግር ቀን ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ዋና መሥሪያ ቤቱ በዳላስ የሆነው ሳውዝዌስት አየር መንገድ በረራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ለረጅም ዘመን የመሩት ኸርብ ኬለኸር ከመንገደኛውም ከባለአክሲዮኑም ሠራተኛውን ያስቀድሙ ነበር፤ የተከበረ ሠራተኛ መንገደኛውን ያከብራል፣ የተከበረ መንገደኛም ይመለሳል ብለው ያምኑ ነበርና። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ፣ በፎርት ዎርዝ የሚገኘው አሜሪካን አየር መንገድ ቢያንስ 20,000 ሠራተኞች እንደሚቀንስ ሲያስታውቅ፣ ሳውዝዌስት ማንንም አላሰናበተም። ቃሉ ተፈትኖ ጸና። ኬለኸር በ2019 ዐረፉ። በፌብሩዋሪ 2025 ግን ድርጅቱ ወጪ ለመቀነስ ሲል ወደ 1,750 የሚጠጉ የቢሮ ሠራተኞችን እንደሚያሰናብት አስታወቀ፤ እንዲህ ያለ የጅምላ ስንብት በታሪኩ የመጀመሪያው ነበር። እንግዲህ ከላይ የተሰጠ ተስፋ ከላይ ሊነሣ ይችላል።

የአንድ ፈረቃ አለቃ ግን ደመወዝ አይጨምርም፤ የድርጅቱንም ዕጣ አይወስንም። በእጁ ያሉት ዕውቀቱ፣ አንደበቱና የሥራ ሰዓት ድልድሉ ናቸው። ዕውቀቱን «ቦታዬን ይወስድብኛል» ብሎ የሚሰስት አለቃ ሠራተኛውን ለዘወትር ጥገኛ ያደርገዋል። በአብነት ትምህርት ቤታችን ቀድሞ የተማረው ጀማሪውን ያስጠናዋል፤ የመምህሩም ክብር መምህራን ሆነው በወጡለት ደቀ መዛሙርት ይታወቃል። የቅዳሜና የእሑድ፣ የሌሊትም ፈረቃ በዝምድና ሲደለደል ደግሞ የትኛውም የማበረታቻ ቃል ከንቱ ይሆናል።

ማክበር ማለት ስንፍናን አይቶ እንዳላዩ ማለፍ አይደለም። ጥፋቱን ሳይነግረው የሚያልፍ አለቃ ባልንጀራው እንጀራውን እስኪያጣ ዝም ብሎ እንደተመለከተ ይቈጠራል። ለብቻ ጠርቶ፣ ስሕተቱን ለይቶ፣ እንዴት እንደሚታረም አብሮ ሠርቶ ማሳየት ግን ፍቅርም ፍትሕም ነው።

ባገሩ ትምህርት ቤት ያስተዳደረ ሽማግሌ ዛሬ በልጁ ዕድሜ ባለ ወጣት ይታዘዛል። እንግሊዝኛው «አንተ»ን ከ«እርስዎ» አይለይም፤ በአማርኛ ስንነጋገር ግን ምርጫው የእኛ ነው። «ጋሼ፣ ይህን እንዲህ ቢያደርጉት ይቀልልዎታል» ብሎ ለማዘዝ ወጣቱ አለቃ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሥልጣኑም በዚህ አይቀንስበትም።